የተቀበረው ምሳ

ሊቫ የብስባሽ ሳጥኑን ክዳን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው እጇ የተፈጨ ጉበት የተቀባውን ጥቁር ዳቦ ከቦርሳዋ አወጣች። የተጠቀለለበትን ወረቀት ኪሷ ከተተችና ዳቦውን የድንች ልጣጩ ላይ ጣለችው። ከዚያ መንሹን አንስታ ወደ ታች ገፋችው፤ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ደጋግማ ገፋችው። ቦታውን ለመሸፈን ጎንበስ ብላ የደረቀ ቅጠል ልታፍስ ስትል ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ።

ቀና አለች። ነፋስ አልነበረም። ከልጣጩ መሃል ረጅም፣ ፀጉር የሌለው ጅራት ብቅ አለና እንደሚጎተት ገመድ ተስቦ ወደ ውስጥ ገባ።

ክዳኑን ለቀቀችው። ጓ ብሎ ተዘጋ።

«ሊቫዬ! ምንድነው የወደቀው?» አለ አባቷ በወጥ ቤቱ መስኮት።

«ምንም! ክዳኑ ነው!»

«ቅጠል ጨመርሽበት?»

«ጨምሬያለሁ!»

አልጨመረችም። ባዶውን ባልዲ አንጠልጥላ ወደ ቤት ገባች። አባቷ ሽንኩርት እየከተፈ ዞር ብሎ ሳያያት «ምሳሽ እንዴት ነበር?» አላት፤ ሁልጊዜ ማታ ማታ እንደሚጠይቃት።

«አሪፍ ነበር» አለችው።

ብስባሹ የሊቫ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት እናቷ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ እሷና አባቷ ትሮልስ ጠረጴዛ ከበው የቤቱን ሥራ ተካፈሉ። እሱ ማብሰሉንና ልብስ ማጠቡን ወሰደ፤ እሷ ጓሮውን። ማንም አላስገደዳትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያንን ከጣውላ የተሠራ አሮጌ ሳጥን ትወደዋለች። የቡና አተላው፣ የእንቁላል ቅርፊቱ፣ የፖም ልጣጩ፣ የታጨደው ሣር ሁሉ ይገባበታል፤ ሲወጣ ግን ዝናብ የጠጣ ጫካ ጫካ የሚሸት ጥቁር አፈር ሆኖ ነው። ውጭው በረዶ ሆኖ ክዳኑን ስትከፍት ሞቃት እንፋሎት ፊቷን ይመታታል። ሕጉንም በቃሏ ታውቀዋለች፦ እርጥብ ሲገባ በላዩ ደረቅ ቅጠል ይደረጋል፤ በየጊዜው ይገለበጣል፤ ሥጋ፣ አይብ፣ ዳቦና የበሰለ ነገር በፍጹም አይገባም። ምክንያቱንም ታውቃለች። የበሰለ ምግብ አይጥ ይጠራል።

ችግሩ የጀመረው በምሳው ነው። ትሮልስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የሚወጣው። ያም ሆኖ ከመውጣቱ በፊት የሊቫን ምሳ ሠርቶ ይጠቀልላል። መጀመሪያ ላይ ዳቦው እየተፈረካከሰበት፣ ኪያሩ እየረጠበበት ይናደድ ነበር። አሁን ለምዶታል፤ ጉበቱን በልኩ ይቀባል፣ ኪያሩን ለብቻው ይጠቀልላል፣ አንዳንዴ ከእራት የተረፈ የሥጋ ጥብስ ይጨምራል። እናቷ ከሄደች ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልተስተጓጎለ ነገር ቢኖር ይህ ምሳ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሲገቡ ግን በምሳ ሰዓት ከግቢ መውጣት ተፈቀደላቸው። የክፍሉ ልጆች ተሰብስበው አደባባዩ ጋ ያለው ዳቦ ቤት መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ሊቫ የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት፣ ጓደኛዋ ናያ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ዘለለች።

«ኧረ በናትሽ! ይሄ ነገር ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። ሊቫም አብራ ሳቀች። «አባቴን ታውቁት የለ፣ ይሄ ብቻ ነው የሚችለው» አለች። ጉበቱን ትወደው ነበር። ቢሆንም ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ከነሱ ጋር ሄዳ ባለ ቀረፋ ጣፋጭ ዳቦ በላች። ከዚያን ቀን በኋላ ምሳው እንደወጣ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር። የትምህርት ቤቱ መጣያ ውስጥ እንዳትጥለው መምህራቸው ምግብ የሚጥል ተማሪ ካየች ለወላጅ ትናገራለች። የወጥ ቤቱን ቆሻሻ የሚያወጣው ደግሞ አባቷ ነው። የብስባሽ ሳጥኑን ግን ከሷ በቀር የሚከፍተው የለም።

ለራሷ የምትሰጠው ምክንያትም አላጣችም። «እየጣልኩት አይደለም፤ አፈር እየሆነ ነው» ትላለች። እውነት ይመስል ነበር፤ ያንን ጅራት እስካየችበት ቀን ድረስ።

ያን ሰሞን፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ኤጎን ትሮልስ ከሥራ ሲገባ ጠብቀው ጠሩት። ኤጎን ጡረታ የወጡ የፖስታ አዳይ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ሁልጊዜ ሊቀልዱ የሚመስሉ ሽማግሌ።

«ትሮልስ፣ እንግዳ መጥቶብናል።»

«የምን እንግዳ?»

«አይጥ ነዋ! ያውም አይጠ መጎጥ፤ ቦት ጫማዬን ያክላል። በጠራራ ፀሐይ ጓሮዬን እንደ ባለርስት እየተንጎራደደ አቋረጠው።»

ሊቫ ብስክሌቷን ልታቆም ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ምን ሊደረግ ነው?» አለ ትሮልስ።

«ለማዘጋጃ ቤት ደውያለሁ። ሕጉ ነው፤ ያየ ሰው ይናገራል። ሐሙስ ሰው እንልካለን ብለውኛል፤ ያንተንም ጓሮ ያያሉ።»

«ይምጡ፤ እኛ ጋ የሚደበቅ ነገር የለም» አለ ትሮልስ።

ረቡዕ ሊቫ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ሥራ ላይ ነበር። ጓንት አጠለቀችና ሳጥኑን ከፈተችው። ሽታው እንደ ድሮው የጫካ ሽታ አልነበረም፤ የኮመጠጠ፣ የከረፋ ነገር ነበር። ያበጠውን ዳቦ፣ ፀጉር ያበቀለውን ጥብስ በእጇ የደረሰችበትን ያህል ለቅማ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ወደ ታች ስትቆፍር ግን ማለቂያ የለውም። የቀረውን ተወችውና በላዩ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ የተቀደደ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ አዲስ የካሮት ልጣጭ ደራርባ አስተካከለችው። ከረጢቱን በብስክሌቷ ወስዳ የአባቷ መስመር ያልሆነ የአውቶቡስ ማቆሚያ ጋ ጣለችው። ስትመለስ ሳጥኑን ቆማ አየችው። ከልቧ ስትሠራ እንኳ እንዲህ አሳምራ ሠርታው አታውቅም።

ሐሙስ የመጣው ሰው ጢሙ ግራጫ፣ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። ክዳኑን አንስቶ በባትሪ አየ፤ በያዘው ዘንግ ላይ ላዩን ነካ ነካ አደረገው።

«የማን ሥራ ነው?»

«የልጄ» አለ ትሮልስ። ኩራቱ ከድምፁ ይሰማ ነበር።

«ጎበዝ! ደንበኛ ብስባሽ ነው። ዳቦ፣ ሥጋ፣ የእራት ትርፍራፊ አትጨምሪበትም አይደል?»

ሊቫ ዓይኗን የካሮት ልጣጩ ላይ ተከለች። «አልጨምርም።»

«እሷ?» አለ ትሮልስ እየሳቀ። «እኔ አንዴ የአይብ ልጣጭ ጥዬ፣ ቁጭ አድርጋ ነው ያስተማረችኝ!»

ይሄ እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ነገሩን አባሰባት።

ሰውየው በአጥሩ በር ወደ ኤጎን ጓሮ አለፈ፤ አባትና ልጅ ተከተሉት። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ በአንድ ረጅም ግንድ ላይ የተቸነከረች የወፎች መመገቢያ ገበታ ቆማለች። ባለ ጣሪያ ናት፤ ዙሪያዋን ሱፍና አጃ ሞልቶባታል። ከሥሯ ያለው መሬት በፍርፋሪ ተሸፍኗል።

«ይኸውላችሁ» አለ ሰውየው። «ድግሱ እዚህ ነው። ወፍ ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን ይበትናል። አይጥ ደግሞ የተበተነ አይንቅም።»

«ሁልጊዜ ማታ እጠርገዋለሁ እኮ» አሉ ኤጎን።

«ይጥረጉት እንጂ በቂ አይደለም። አዝናለሁ፤ ገበታዋ መነሳት አለባት። እስከ ፀደይ ድረስ።»

ኤጎን አልተከራከሩም። ወደ መስኮቱ ብቻ አዩ። ከመስታወቱ ጀርባ ባለቤታቸው ጌርዳ ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ቆመው አይሄዱም፤ አልጋቸው መስኮቱ ሥር የተደረገው ለወፎቹ ሲባል ነው። ጠዋት የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ ያወራሉ። ትሮልስ «የጌርዳ ጋዜጣ» ይለዋል።

ሰውየው በሁለቱም ጓሮ የአይጥ ወጥመድ አስቀምጦ፣ እጁን አራግፎ ሄደ። ሊቫ ወደ ቤቷ ልትሮጥ ስትል ኤጎን ጠሯት።

«ሊቫ፣ ትንሽ ጉልበት ታበድሪኛለሽ? አንዱን ጫፍ ያዥልኝ።»

እምቢ የሚያሰኝ ምክንያት አልነበራትም። ግንዱን ግራና ቀኝ ይዘው ነቀነቁት፤ በረዶ የያዘው አፈር ቶሎ አልለቅ አለ። በመጨረሻ ሲነቀል የተረፈው ሱፍ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

«እንግዲህ ምግብ ቤቱ ተዘጋ» አሉ ኤጎን እያለከለኩ። «ደንበኞቹ ምን ይሉን ይሆን?»

ሊቫ ልትስቅ ሞከረች። አልመጣላትም።

ገበታዋን ተሸክመው ወደ መጋዘኑ ሲያልፉ፣ ደረቷ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ መጣች። ገበታዋ በነበረችበት ቦታ አየር ላይ ተንጠልጥላ ክንፏን አርገበገበች፤ የምታርፍበት ስታጣ አጥሩ ላይ ወጥታ ዙሪያውን ታይ ጀመር። ሊቫ ሳታስበው ወደ መስኮቱ ዞረች። ጌርዳም ወፏን እያዩ ነበር። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈዋል።

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ጋ ሊቫ ነገሩን ለናያ ነገረቻት። ስትነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆና ነበር።

«እና?» አለች ናያ አፏ እንደሞላ። «አይጥ እኮ የትም አለ። ዝም በያ! የፈረደው ሰውየው፣ አንቺ ምን አገባሽ?»

«ኤጎን ምንም አላጠፉም።»

«ሽማግሌ አይደሉ እንዴ? ይረሱታል። ደግሞ ወፍ ነው በይ፤ ሰው የሞተ አስመሰልሽው እኮ። ለአባትሽ ልትነግሪው ነው? ምሳህን ለአይጥ ስቀልብ ነበር ብለሽ?»

ሊቫ የዳቦዋን ወረቀት አጣጠፈች። ዋናውን ነገር ናያ ሳታውቀው ነክታዋለች። ለኤጎን እውነቱን መናገር ማለት ለአባቷ መናገር ማለት ነው። ማታ ማታ «አሪፍ ነበር» ስትለው ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ታያለች። ያንን ፊት እያሰበች እጇ ላይ ያለውን ጣፋጭ ዳቦ አየችው፤ ከፊሉን እንደያዘች አልበላ አላት።

የአባቷን ምሳ መብላት ግን አልጀመረችም። እሱን ከቦርሳዋ ባወጣች ቁጥር ሽታው ያንን ሳጥን ያስታውሳት ጀመር። አሁን የሚሄደው ወደዚያው ማቆሚያ መጣያ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተደወለ። ኤጎን ነበሩ። ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ የፕለም ማርማላታ የሞላ ብልቃጥ በሌላው እጅ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ትሮልስ ግቡ ቢላቸው «አልቆይም» ብለው ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት» አሉ። «አይጡን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚጠረገውንና የማይጠረገውን መለየት አቅቶኝ ልጅ ያለበት ጓሮ ውስጥ…»

«ኧረ ኤጎን! ይተዉት እንጂ።»

«አይ፣ ልክ አይደለም። ጌርዳም ይቅርታ በልልኝ ብላለች። ይቺን ቅመሱልን።»

ትሮልስ ብልቃጧን ተቀበለ። «ጌርዳ እንዴት ናቸው?»

ኤጎን ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩት። «ደህና ነች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀምራለች፤ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ትላለች።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጋዜጣው ቆመባት ማለት ነው።»

ሊቫ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እግሯ ከምንጣፉ ጋር የተሰፋ መሰላት። አሁን ብትናገር፣ እዚህ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ ያልቅ ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ኤጎን «በሉ ደህና ሁኑ» ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ፤ በሩም ተዘጋ።

ትሮልስ ማርማላታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ምስኪን ሰው» አለ። «ነገ ምሳሽ ላይ እቀባልሻለሁ።»

«አልፈልግም» አለች ሊቫ፤ ድምፅዋ እሷን ራሷን እስኪያስደነግጣት። ወደ ክፍሏ ወጥታ በሩን ዘጋች።

ገበታዋ ተነሥታም አይጦቹ አልሄዱም። እንዲያውም ደፈሩ። ትሮልስ ማታ ቆሻሻ ሊያወጣ ሲሄድ አንዱ በእግሩ ሥር አለፈ፤ ወጥመዶቹ ውስጥ የገባ ግን አልነበረም። «ጠግበዋል ማለት ነው፤ የሆነ ቦታ የሚበሉት አላቸው» አለ እያሰበ። ቅዳሜ ጠዋት ቦት ጫማውን አጠለቀና መንሹን ያዘ።

«ሊቫዬ፣ ጃኬትሽን ልበሺ። ሳጥኑን እስከ ታች እንገልብጠው። ሰውየው ላይ ላዩን ነው ያየው፤ ምናልባት ከሥር ቆፍረው ጎጆ ሠርተው ይሆናል።»

ጓሮው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተበትኗል። ትሮልስ ክዳኑን አንስቶ አጥሩ ላይ አስደገፈው። የላይኛውን ካርቶን በመንሹ አንስቶ ወደ ጎን አደረገ። ቅጠሉን አነሳ። ሊቫ ከጎኑ ቆማ ታያለች። ሁለት ጊዜ ደግሞ ቢያነሳ ይደርስበታል። ሲያገኘው ምን ልትል እንደምትችልም አስባበታለች፤ «እኔ እንጃ» ልትል ትችላለች፤ «ኤጎን ናቸው የጣሉት» እንኳ ልትል ትችላለች፤ አባቷ ያምናታል። ሁልጊዜ ያምናታል።

መንሹ እንደገና ወደ ላይ ተነሳ።

«አባዬ፣ ቆይ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ከሥሩ ዳቦ አለ። ሥጋም አለ። የኔ ምሳ ነው።»

ትሮልስ የቀለደች መስሎት ፈገግ ሊል ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው።

«የትኛው ምሳ?»

«ያንተ። የምትሠራልኝ።» እንባዋ መጣ፤ እንዳይወርድ ዓይኗን ወደ ሳጥኑ አደረገች። «ከትምህርት ቤቱ የመከር እረፍት ወዲህ አልበላሁትም። እዚህ ነበር የምቀብረው። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ሸፈንኩት።»

መንሹን ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተከለው። ጎንበስ ብሎ ወደ ሳጥኑ ውስጥ አየ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«በየቀኑ?» አለ በመጨረሻ።

«በየቀኑ።»

«ካልጣፈጠሽ ለምን አልነገርሽኝም? ሌላ ነገር እሠራልሽ አልነበር?»

«ይጣፍጠኛል» አለች ሊቫ፤ እንባው አሁን ወረደ። «ልጆቹ ሲስቁብኝ ነው። እኔም ሳቅኩ። አባዬ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩብህ።»

ትሮልስ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ፤ ብርዱ ይሁን ሌላ ሊቫ አላወቀችም። ከዚያ አካፋውን ከግድግዳው አንስቶ ሰጣት።

«ያዢ» አለ። «እንጨርሰው።»

አብረው ቆፈሩ። ዳቦው ወጣ፤ ግራጫ ጭቃ ሆኖ፤ ጥብሱ ወጣ። ከሁሉም በታች፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው የብረት መረብ ዝጎ ተበልቶ፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ከአፈሩ ሥር ወደ ኤጎን አጥር ይሄዳል። ትሮልስ ቀዳዳውን አየው፤ ከአጥሩ በላይ ያለውን ባዶ ጓሮም አየው። ሁሉንም በከረጢት አስረው ሲጨርሱ ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ወጥታ ነበር።

«እኔ አባትሽ ነኝ» አለ ትሮልስ ጓንቱን እያወለቀ። «የኔ ነገር ያልፋል። አሁን ባይሆንም ያልፋል። ደስ ብሎኛል ግን ብዬ አልዋሽሽም።»

«አውቃለሁ።»

«የኤጎንን ግን እኔ ላስተካክልልሽ አልችልም። ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሊቫ አሰበችው። ከአባቷ ጀርባ መቆም ይቀል ነበር፤ ኤጎንም እሱ ፊት ብዙ አይናገሯትም ይሆናል።

«ብቻዬን ልሂድ» አለች።

የአጥሩን በር ከፍታ አለፈች። ኤጎን በሩን የከፈቱት ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር። እንዳዩዋት ፊታቸው ፈካ። «ሊቫ! ማርማላታው አለቀ እንዴ?»

«ኤጎን፣ አይጦቹ በእርስዎ ወፎች አይደለም የመጡት» አለች፤ ካቆመች እንደማትቀጥል ስለምታውቅ ትንፋሽ ሳትወስድ። «እኔ ነኝ። የምሳዬን ዳቦና ሥጋ ብስባሹ ውስጥ ስቀብር ነበር። ሰውየው ሲጠይቀኝም ዋሸሁ።»

ፈካ ያለው ፊታቸው በዝግታ ደበዘዘ። ፎጣውን ከትከሻቸው አወረዱት።

«ገበታዋን ሳነሳ» አሉ፤ «አንዱን ጫፍ የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«እቤታችሁ ይቅርታ ልጠይቅ ስመጣም ነበርሽ።»

«ደረጃው ላይ ነበርኩ።»

ቀልዳቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር፤ ያለ ቀልድ ሲታዩ በጣም ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ሊቫ «ይቅርታ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ያነሰ፣ የቀለለ ሆነባት። «ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ገበታዋን ሲፈቅዱልዎት እኔ እተክላታለሁ።»

«ትደውያለሽ» አሉ ኤጎን። ጥያቄ አልነበረም። «እኔ ተቆጥቻለሁ ሊቫ። ዛሬ ምንም አይደለም ልልሽ አልችልም።»

«እሺ።»

በሩን ይዘጉታል ብላ ጠበቀች። ኤጎን ግን ከበሩ ገለል አሉ።

«ለኔ ብቻ ነግረሽ አትሄጂም» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ስታይ የከረመችው እሷ ናት። ነቅታለች።»

ሊቫ ይህንን አላሰበችውም። ወደ ኋላዋ፣ ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የቦት ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ ጣቶቿ በብርዱ ደንዝዘው ቋጠሮው እምቢ ብሏት ብዙ ታገለች። ኤጎን አላገዟትም፤ አላጣደፏትምም።

ክፍሉ ውስጥ መጋረጃው በከፊል ተጋርዷል። ጌርዳ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። የወለሉን ሲጥሲጥታ ሲሰሙ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ማነው? ሊቫ? ነይ ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፤ በካልሲሽ ወለሉ ላይ ቆመሽ እንዳይበርድሽ።» ቀጭን እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ወንበሩን አመለከቷት። «ልትጠይቂኝ መጣሽ? እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው!»

ኤጎን ደጃፉ ላይ ቆመው ሚስታቸውን አዩ፣ ሊቫን አዩ። «ሻይ ልጣድ» አሉና በሩን ከኋላቸው ገርበብ አድርገው ሄዱ። የሚሰማት ጌርዳ ብቻ ናቸው። ልትጠይቃቸው ነው የመጣችው ብለው አምነዋል። «አዎ» ብትል፣ ትንሽ ተጨዋውታ ብትወጣ፣ ለጊዜው የሚያውቅባት አይኖርም።

ሊቫ ወንበሩን ወደ አልጋው ጎተተች፤ ጌርዳ አንገታቸውን ሳያዞሩ ፊቷን ሊያዩ እስከሚችሉበት ድረስ አስጠጋችው። ተቀመጠች።

«ጌርዳ፣ ልጠይቅዎት አይደለም የመጣሁት» አለች። «አይጦቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ጌርዳ ዓይናቸውን ከሷ ላይ አላነሱም። ሊቫ ለመነሳት አልቸኮለችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የሚሏትን ሁሉ ልትሰማ ጠበቀች።